ጥያቄና መልስ፦ መኪና የሚገጨው ሐውልት

ጥያቄ፦ በከተማችን መግቢያ አደባባይ መሃል የኮንክሪት ሐውልት አለ። ከባድ መኪኖች ጠርዙን እየወጡ መቀመጫውን ሰባበሩት። ዙሪያውን የብረት ምሰሶ ለመትከል ገንዘብ አዋጥተናል። ምን ዓይነት ብረት፣ በምን ያህል ርቀት እንትከል?

መልስ፦ ብረት ከመግዛታችሁ በፊት የጎማውን አሻራ እዩ። የተሳቢ የኋላ ጎማ ሲዞር ከፊተኛው ይልቅ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። አሻራው የአደባባዩን ዙሪያ ተከትሎ የሚሄድ ከሆነ ችግሩ የመንገዱ ጥበት ነው፤ እዚያ ምሰሶ ብትተክሉ በየሳምንቱ ሲጎበጥ ታያላችሁ። የሚሻለው ከጠርዙ ውጭ ከ1 እስከ 2 ሜትር ስፋት ያለው፣ ጎማ ቢወጣበት የማይጎዳ ዝቅተኛ የኮብልስቶን ንጣፍ ነው። አሻራው ቀጥ ብሎ ወደ መሃል የገባ ከሆነ ግን ጥፋቱ የፍጥነት ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ከመግቢያው በፊት ፍጥነት መቀነሻ ይቅደም።

ምሰሶው ለባጃጅ፣ ለቤት መኪናና ወደ ኋላ ለሚል አይሱዙ ይሆናል። ቁልቁለት የያዘውን ሲኖትራክ አያቆምም፤ ያቆማል የሚላችሁን ብየዳ ቤት አትመኑ። ቧንቧው ባለ 6 ኢንች፣ ውፍረቱ ቢያንስ 5 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ይሁን፤ ግማሹ ይቀበር። ጉድጓዱ 50 በ50 ሳንቲሜትር፣ ጥልቀቱ 1.10 ሜትር ሆኖ ከሥሩ 10 ሳንቲሜትር ጠጠር ይግባበት። የውሃና የቴሌ መስመር ሊኖር ስለሚችል ማዘጋጃ ቤቱን አስፈቅዳችሁ በእጅ ቆፍሩ። አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር ሆኖ ሲቦካ ለጉድጓዱና ለቧንቧው ሆድ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ገደማ ይፈጃል። ቧንቧው የሚዝገው መሬት በሚነካበት ቦታ ነውና ኮንክሪቱን ከመሬት 3 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጋችሁ ወደ ውጭ አዝምሙት፤ ብረቱን አንቲረስት ቀቡት። ኮንክሪቱን ለ7 ቀን ውሃ አጠጡት።

በምሰሶዎቹ መካከል 1.2 ሜትር ክፍት ቦታ ተዉ፤ ተሽከርካሪ ወንበር ያልፋል፣ ባጃጅ አያልፍም። ከሐውልቱ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቁ፤ ሲገጩ ይጎብጣሉና። ሰንሰለት አታያይዙባቸው፣ ሲበጠስ ሰው ይመታል። በብሎን ንጣፍ ላይ የሚታሰረው ዓይነት ደግሞ ከነንጣፉ ተነቅሎ ይሄዳል።

ቦታው ጨርሶ የማይሆን ከሆነ ማንሳትም አለ፦ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡሩ ግንባታ ተነስቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ተተክሏል።

ጥያቄ፦ በትልልቅ ጥቁር ድንጋይ ብንከበውስ? ርካሽ ነው።

መልስ፦ ወርዱ 1 ሜትር የሆነ ድቡልቡል ድንጋይ 1.4 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ የተጫነ መኪና ግን እየገፋ ከሐውልቱ ጋር ያላትመዋል። ካስቀመጣችሁት ሲሶውን ቅበሩት።

ጥያቄ፦ የመንገድ ዳር ግድግዳ ላይ ያለ ሞዛይክ በአይሱዙ ጭነት እየተፋቀ ነው። ቫርኒሽ ይረዳዋል?

መልስ፦ ቫርኒሽ ፍቀትን አይችልም። ከግድግዳው 60 ሳንቲሜትር ርቆ 15 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው የጠርዝ ድንጋይ ይደርደር፤ ጎማው እዚያ ሲቆም መስታወቱና ጭነቱ ግድግዳው ጋ አይደርሱም። የረገፉትን ጠጠሮች ሰብስባችሁ አስቀምጡ። የቀሩትን በመዶሻ እጀታ ቀስ እያላችሁ ምቱ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከሥሩ ለቋል ማለት ነው። መልሳችሁ ስትለጥፉ በሲሚንቶ የተሠራ የሴራሚክ ማጣበቂያ ተጠቀሙ። ጀሶ ዝናብ ሲነካው ይለሰልስና እንደገና ይረግፋል።