በተለመደው የደም ምርመራ የኩላሊት ጉዳትን አስቀድሞ ስለማወቅ

የመሐል ሜዳዋ እህታችን «ከክሬያቲኒንና ከዩሪያ (ኩላሊት ከደም ከሚያጣራቸው ቆሻሻዎች ልኬት) እንዲሁም ከሲቢሲ (ከደም ሴሎች ቆጠራ) ሌላ ምርመራ በሌለበት ሆስፒታል፣ በጽኑ ከታመሙት መካከል የማን ኩላሊት እንደሚጎዳ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። ደብረ ብርሃን በጽኑ ሕሙማን ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ያህል ያሳሰበኝ ጉዳይ ስለሌለ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። ይቻላል፤ ነገር ግን አደጋውን የሚጠቁመን አንድ ውጤት ሳይሆን የውጤቶቹ አካሄድ ነው።

ክሬያቲኒን ዘግይቶ የሚታይ ምልክት ነው። ኩላሊት በድንገት ሲጎዳ በደም ውስጥ ተጠራቅሞ በግልጽ ከፍ እስኪል አንድ ወይም ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ በዚያ ላይ ምንጩ ጡንቻ ስለሆነ፣ በሕመም ብዛት ሰውነታቸው ያለቀ አረጋዊ የኩላሊታቸውን ግማሽ አቅም አጥተው እንኳ ውጤታቸው «ኖርማል» ተብሎ ሊመጣ ይችላል። ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር የተሰጠው ሕመምተኛም ክሬያቲኒኑ ስለሚቀጥን ቁጥሩ ያታልላል። ስለዚህ 1.1 የሚል ውጤት ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ትናንት ስንት እንደነበረ ነው። 0.7 ከነበረ፣ ላቦራቶሪው ምንም ምልክት ባያደርግበትም፣ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ የሚያዘጋጀው ዓለም አቀፍ ድርጅት ኬዲጎ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣውን የአጣዳፊ የኩላሊት ጉዳት መስፈርት አሟልቷል፤ መስፈርቱ ክሬያቲኒን በ48 ሰዓት ውስጥ በዴሲሊትር 0.3 ሚሊግራም መጨመሩ፣ ወይም በ7 ቀን ውስጥ ከመነሻው 1.5 እጥፍ መድረሱ፣ ወይም ሽንት ለ6 ሰዓት በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በሰዓት ከ0.5 ሚሊሊትር ማነሱ ነውና።

ዩሪያን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ አለ። መጻሕፍት ከክሬያቲኒን 20 እጥፍ በላይ ሲሆን ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ማነሱን ያመለክታል የሚሉት ስለ ቢዩኤን (በዩሪያ ውስጥ ስላለው ናይትሮጅን ብቻ) ነው፤ ላቦራቶሪያችሁ የሚጽፈው ዩሪያ ከሆነ አስቀድማችሁ ለ2.14 አካፍሉት። የጨጓራ መድማትና ስቴሮይድም ዩሪያን ብቻቸውን ከፍ ያደርጉታል።

ሲቢሲን ብዙዎቻችን ለሄሞግሎቢን (ለደም ማነስ) ብቻ እናየዋለን፤ ይህ ያሳዝነኛል። ከነጭ የደም ሴሎች የኒውትሮፊል ቁጥር ከሊምፎሳይት አንጻር እጅግ ሲበልጥ፣ ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ከቀን ወደ ቀን ሲወርድና አርዲደብሊው (የቀይ የደም ሴሎች መጠን መለያየት) ከፍ ሲል፣ ኩላሊት የመጎዳት ዕድል እንደሚጨምር በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ሆኖም እነዚህ የሚለኩት የሕመሙን ክብደት እንጂ ኩላሊትን አይደለም። ከሸዋ ሮቢት ቆላ በወባ ታሞ የሚመጣ ሰው ኩላሊቱ ደኅና ሆኖም ፕላትሌቱ ይወርዳል። ስለዚህ እኔ በእነዚህ የሲቢሲ ምልክቶች የምጠቀመው ክሬያቲኒኑ በ12 ሰዓት ውስጥ የሚደገምለትን፣ ሽንቱ በየሰዓቱ የሚለካለትንና ኩላሊትን ሊጎዱ ከሚችሉት ከጄንታማይሲንና ከዳይክሎፌናክ መድኃኒቶች የሚጠበቀውን ሰው ለመለየት ነው።

ኮምፒውተር ይህን ሁሉ ይፈታዋል ብለው ተስፋ ለሚያደርጉ ባልደረቦቼ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመውንና ከ700,000 በላይ አሜሪካውያን የቀድሞ ወታደሮችን መዝገብ የተጠቀመውን የዲፕማይንድ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ) ሥራ ላስታውስ። ሥርዓቱ እስከ 48 ሰዓት ቀድሞ የለየው 55.8 በመቶ የሚሆነውን ጉዳት ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ትክክለኛ ማስጠንቀቂያ ሁለት የተሳሳቱ ነበሩ። መዝገቡም በአብዛኛው የወንዶች ስለነበር፣ ከወሊድ በኋላ ደም ፈሷት ለምትመጣ እናት እንዳለ ልንወስደው አንችልም።

እህቴ፣ ከእርስዎ ዘንድ ትልቁ ሥራ ሕመምተኛው በገባበት ሰዓት፣ ፈሳሽ ከመጀመሩ በፊት ከተቻለ፣ ደም መውሰድ ነው፤ ያ መነሻ ከጠፋ በኋላ የሚመጣውን ቁጥር ከምን ጋር እንደምናነጻጽረው አናውቅም። ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር ስትጽፉም የመጨረሻውን ውጤት ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ከነሰዓታቸው፣ የተሰጠውን ፈሳሽና የወጣውን ሽንት በሊትር፣ የተወሰዱትንም መድኃኒቶች፣ የባህል መድኃኒት ካለ እርሱንም ጨምራችሁ ላኩልን።