በእግር መሄዱ ብቻ እኛንም አልጠቀመንም

እህቴ፣ የ74 ዓመት አባትሽ በየቀኑ በእግራቸው ወጣ ቢሉም መንገዳገዱ እንዳልተሻላቸው ጽፈሻል። እኛም ቤት ያው ነበር። እናቴ መታጠቢያ ቤት ከወደቀች በኋላ (አጥንቷ ተርፏል፣ ተመስገን) ክንዷን ይዤ ጠዋት ጠዋት ሳንሸራሽራት ሁለት ወር ከረምኩ። ምንም ለውጥ የለም። ጭራሽ እኔን ስለለመደች ብቻዋን መራመድ ፈራች።

ፊዚዮቴራፒስቱ (በእንቅስቃሴ የሚያክመው ባለሙያ) ገና ሲያያት ያዘዛት እጇን ሳትደገፍ ከወንበር እንድትነሳ ነው። ሁለቴ ሞከረች፣ ሁለቴም ተመልሳ ዘጭ። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ሰው ሲራመድ በየእርምጃው ለአፍታ በአንድ እግሩ ነው የሚቆመው። ጭንና ዳሌ ከደከሙ ያ እግር አይሸከምም፤ ሽርሽሩ ደግሞ ለብቻው ጭን አያጠነክርም።

ስለዚህ ከወንበር ጀመርን። ጎማ የሌለው፣ ጀርባው ግድግዳ የነካ ወንበር። መቀመጫው ከፍ እንዲል ብርድ ልብስ አጥፌ አነጠፍኩበት። እግሯን ወደ ራሷ ሳብ፣ ደረቷን ወደፊት ዘንበል፣ ከዚያ ብድግ። ዋናው ሥራ ግን መቀመጡ ላይ ነው፤ እስከ 4 እየቆጠሩ ቀስ ብሎ መውረድ። ከ5 ጊዜ ተነስተን በሦስተኛው ሳምንት 10 ደረስን፣ ብርድ ልብሱም ተነሳ።

ቀጥሎ ወጥ ቤት፣ የማይነቃነቀውን ጠረጴዛ ይዛ ተረከዝ ማንሳትና ማውረድ። ከዚያ አቋቋም፦ መጀመሪያ ሁለቱን እግር ገጥሞ፣ ሲለመድ አንዱን ግማሽ እርምጃ አስቀድሞ፣ ቀጥሎ የአንዱን ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር አገናኝቶ በአንድ መስመር፣ በመጨረሻ በአንድ እግር። አንዱ ላይ 10 ሰከንድ ሳይወላውሉ ካልቆሙ ወደሚቀጥለው እንዳታሳልፊያቸው። እጅም እንደዚያው ይቀነሳል፤ ሁለት እጅ፣ አንድ እጅ፣ ከዚያ ጣት ብቻ። እናቴ በአንድ የእጅ ጣቷ ብቻ ተደግፋ ስትቆም «ጠረጴዛውን እየኮረኮርኩት ነው» ትል ነበር።

እኔ የተሳሳትኩት መያዙ ላይ ነው። ክንድ ጨምድዶ መያዝ ራሱ ሚዛን ያስታል። ከጎናቸው ትንሽ ወደኋላ ብለሽ ቁሚ፣ እጅሽ ዝግጁ ይሁን፣ ግን አትንኪያቸው።

ሌላም ያስተዋልኩት አለ። እናቴ እየሄደች ካዋራኋት ቀጥ ብላ ትቆም ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ አልቻለችም። ጠንከር ስትል እየተራመደች የልጅ ልጆቿን ስም እንድትጠራልኝ አደረግኩ። ስም ስታሳስት ስንስቅ፣ እግሯን ማየት ትረሳለች።

ስንት ቀን ላልሽው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 ዓመት በላይ ላሉ ሚዛንንና ጥንካሬን የሚያሠራ እንቅስቃሴ በሳምንት 3 ቀንና ከዚያ በላይ ይመክራል። እኛ አንድ ቀን እየዘለልን ነው የሠራነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ግን ሐኪም ይያቸው። ብድግ ሲሉ የሚያዞራቸው ከሆነ ተኝተውም ቆመውም ግፊታቸው ይለካ፣ የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ ይታይ። መንገዳገዱ በድንገት የመጣ ከሆነ ወይም አንድ ጎናቸው ከዛለ ስፖርቱ ይቅርና አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል። ተረከዙ ክፍት የሆነውን ነጠላ ጫማም ከቤት አጥፊው።

እኛ አሁን አምስተኛ ወራችን ነው። በር ሲንኳኳ ቀድማኝ ትነሳለች። ምርኩዟን ግን አልጣለችም፤ ውጭ ስትወጣ ትይዛለች፣ እኔም አልከራከራትም።