«ማውራት ብቻ ምን ይለውጣል?» ላልሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። እናትሽ ካረፉ ወዲህ ከባልሽ ጋር በትንሽ በትልቁ ትጋጫላችሁ፤ እሱም «ነፋስ ልቀበል» እያለ ይወጣል። ሳይኮሎጂስት ጋ ሂጂ ተብለሻል። «ቁጭ ብሎ ማውራት ምን ይለውጣል? ብሩስ አያሳዝንም?» ብለሻል። የተሰጡሽን መልሶችም አየኋቸው። ግማሹ «ጸልዪ»፣ ግማሹ «ፍቺና ተገላገይ» ይላል። እኔ ደግሞ በዚሁ መንገድ ስላለፍኩ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። ታሪክሽ ከኔ ታሪክ ጋር ቁርጥ አንድ ነው።

በቁጥር ላስቀምጠው።

1. ካርድ ክፍል ላይ ለምን እንደመጣሽ አትዘርዝሪ። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ስም ያለው የግል ክሊኒክ ነበር። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ «ምንሽን ነው?» አለችኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ሳይኮሎጂስት ጋ ነው» አልኳት። ከወንበሯ ሳትነሳ ኮሪደሩ ጫፍ ላለችው ጓደኛዋ «የአእምሮ ታማሚዎች ካርድ የት ነው የሚቀመጠው?» ብላ ጮኸች። ወረፋ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። አንዷ ልጇ ከልጄ ጋር የምትማር ናት። ብዙም ሳይቆይ ሰፈር ውስጥ «አሟታል አሉ» ተባለ። የጎረቤት ልጅ ከኔ ቤት ቡና ጠጪ ስትባል ሰበብ ማብዛት ጀመረች። ቅሬታዬን በጽሑፍ አስገባሁ። «እናየዋለን» አሉኝ። እስከ ዛሬ እያዩት ነው!

ስለዚህ አስቀድመሽ ደውዪ። ቀጠሮ በስልክ ይይዙ እንደሆነ፣ መጠበቂያው ለብቻ እንደሆነ ጠይቂ። ዋጋውንም እዚያው ጠይቂ፤ ነውር የለውም። ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንዴ ነው፣ አንዱ ቀጠሮም አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

2. ማን እንደሚያይሽ ለዪ። ሳይካትሪስት ሐኪም ነው፣ መድኃኒት ያዛል። ሳይኮሎጂስት መድኃኒት አያዝም፣ ሥራው በንግግር ነው። ሁለቱም አብረው የሚያስፈልጉበት ጊዜ አለ። እንቅልፍ ጨርሶ ከጠፋ፣ እህል አልወርድ ካለ፣ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ ምናምን የለም። የዚያኑ ቀን አማኑኤል ወይም የሚቀርብሽ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

«አማካሪ ነኝ» የሚል ሁሉ ደግሞ ባለሙያ አይደለም። እኔ ከዚያ ክሊኒክ ሸሽቼ አንድ ሰውዬ ጋ ገባሁ። ቢሮው ያማረ፣ ክራባቱ የተስተካከለ። የኔን ሳይጨርስ የራሱን ትዳር አወራኝ። መሀል ላይ ስልክ አነሳ። በመጨረሻ «ወንድ ልጅ እንደዚህ ነው፣ ለልጆችሽ ስትዪ ቻይው» አለኝ። ይኼንን ምክር አክስቴ በነጻ ሰጥታኝ ነበር። ትምህርቱን፣ ፈቃዱን፣ በየትኛው ዘዴ እንደሚሠራ ጠይቂ። ደህና ባለሙያ ስትጠይቂው አይቆጣም። ምስጢርሽ እንደሚጠበቅ፣ እንደ ሕይወት አደጋ ያለ ነገር ሲኖር ግን ለሌላ ሰው ሊነገር እንደሚችል ገና ከመጀመሪያው ያስረዳሻል።

3. ፍርድ አትጠብቂ። ይኼ ነው ዋናው፤ ያንቺም ጥያቄ መልሱ እዚህ ያለ ይመስለኛል።

ኋላ ያገኘኋት ሳይኮሎጂስት ጋ የሄድኩት የባሌን ጥፋት በወረቀት ጽፌ ነው። እውነቴን ነው፣ በተራ በተራ። ሽማግሌ ፊት የቀረብኩ ነበር የመሰለኝ። አነበብኩላት። «ይኼን ስትዪው ምን ተሰማሽ?» አለችኝ። «ንዴት» አልኩ። «ከንዴቱ በፊትስ?» አለች። ምን ማለት ነው ከንዴቱ በፊት? የሚገርምሽ፣ ቀጠሮ በመጣ ቁጥር የምታነሳው ይኼንኑ ነበር።

እናቴ ስታርፍ ትልቋ ልጅ እኔ ነኝ። ድንኳኑ፣ ንፍሮው፣ እድሩ፣ ለቀስተኛው፣ ሰልስቱ፣ አርባው፣ ሁሉም በኔ ነበር። «ጠንካራ ናት» እየተባልኩ አለቀ። ካለቀ በኋላ ጨጓራዬን አመመኝ፣ ራሴን አመመኝ፣ በቁልፍና በስኳር ጠብ ጀመርኩ። ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ዞሬ «ምንም የለብሽም» ተባልኩ። ከንዴቱ በፊት የነበረው ምን እንደሆነ ያወቅኩት እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ባሌ በሰልስቱ ማግስት «አይዞሽ፣ በቃ፣ ተነሽ» ብሎኝ ሥራ ሄዷል። ያን ቀን እንደከፋኝ እኔ ራሴ አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ እኔ በነገር እወጋዋለሁ፣ እሱ ኮቱን ይዞ ይወጣል። ስለወጣ ማታ ብሶብኝ እጠብቀዋለሁ፣ ስለምጠብቀው አምሽቶ ይመጣል። ያንቺም ባል «ነፋስ ልቀበል» ብሎ የሚወጣው ለዚሁ ሊሆን ይችላል።

እሷ የምትሠራበት ዘዴ በሰዎች ግንኙነት ላይ የሚያተኩር ነው። በአሜሪካ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ክለርማንና ዋይስማን የሚባሉ ተመራማሪዎች ያዳበሩት ነው። አራት ነገር ላይ ያነጣጥራል፤ ሐዘን፣ ከቅርብ ሰው ጋር ጠብ፣ የኑሮ ለውጥና ብቸኝነት። የፈረንጅ ነገር ነው ለሚሉሽ ይኼን ንገሪያቸው። ይኼው ዘዴ ኡጋንዳ ገጠር ውስጥ በ30 መንደሮች በጥናት ተፈትኗል። ውጤቱ የታተመው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ስልጠና የወሰዱ የአካባቢው ሰዎች ሴቶቹን ለብቻ፣ ወንዶቹን ለብቻ በቡድን እየሰበሰቡ በሳምንት አንዴ ለ16 ሳምንት አወያዩ። ድብርታቸው ካልተወያዩት መንደሮች ሰዎች ይልቅ በብዙ ቀነሰ። ጸበልም አልተውኩም፣ ንስሐ አባቴንም አልተውኩም። ማንም ተይ አላለኝም።

4. መጀመሪያ ሊብስብሽ ይችላል። ታለቅሺ ይሆናል፣ ሕልም ይበዛብሽ ይሆናል። አትደንግጪ። ይኼ ሁሉ ቆይቶም እየባሰ ከሄደ ግን ለባለሙያዋ በግልጽ ንገሪያት፤ ዘዴውን ወይም ባለሙያውን መቀየርም ይቻላል።

5. ባለሙያዋን ከተቀየምሻት ንገሪያት። አንድ ቀን ስለ እናቴ እያለቀስኩ ሰዓቷን አይታ «ለዛሬ ጊዜያችን አልቋል» አለችኝ። ደሜ ፈላ። ዳግመኛ አልመጣም ብዬ ወጣሁ። የተመለስኩት ቀድሜ ስለከፈልኩ ብቻ ነው፣ አልዋሽሽም። ገብቼ «ተቀይሜሻለሁ» አልኳት። ትከራከረኛለች ስል «እስኪ ንገሪኝ» አለች። ነገርኳት። ሳልጮህ፣ ቦርሳዬን ይዤ ሳልወጣ። እኛ ቤት ልጅ ከከፋው «ዝም በል» ነበር የሚባለው፤ ስለዚህ ወይ እፈነዳለሁ ወይ እሸሻለሁ፣ መሀሉን አላውቀውም ነበር። ከሌላው ሰው ጋር ያለሽ ጠባይ እዚያም ወንበሩ ላይ አብሮሽ ይቀመጣል። ፍሮይድ የሚባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ከመቶ ዓመት በፊት ያስተዋለው ነገር ነው። የኔዋ ባለሙያ ደግሞ ይኼን ጠባዬን እዚያው ፊቷ ሲወጣ ያዘችው። «ማውራት ብቻ» ያልሽው ይኼን ያህል ሥራ አለው።

ከዚያ ቤት ሄጄ ባሌን «ሁልጊዜ ትተወኛለህ» ማለቱን ትቼ «በሰልስቱ ማግስት ስትሄድ ብቻዬን የቀረሁ መሰለኝ» አልኩት። አቅፎኝ አለቀሰ ብዬ ልዋሽሽ? «ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?» ብሎ ተቆጣ። በዚህም ተጣላን። ግን ኮቱን አላነሳም፣ ጠቡም እዚያው ማታ አለቀ። ለኛ ቤት ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬም እንጣላለን። ልዩነቱ በምን እንደተጣላን እናውቃለን። «አሟታል» ያሉኝ ሰዎች አሁን ትዳራቸው ሲናጋ ወደኔ ነው የሚደውሉት፣ እሱንም ልንገርሽ።

ባልሽ አልሄድም ቢልሽ ለብቻሽ ጀምሪ። የኔም «ለወሬ ብር አልከፍልም» ብሎ ነበር። በኋላ የመጣው ብሩ የት እንደሚሄድ ለማጣራት ነው፤ ቁጭ ብሎ የሰዓቱን ክፍያ በደቂቃ ሲያካፍል ነበር። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን «ዛሬ መጀመሪያ እኔ ላውራ» አለ።

አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሻለሁ። ባልሽ እጁን የሚያነሳብሽ ከሆነ እኔ የጻፍኩት ላንቺ አይሆንም። ያን ጊዜ አብሮ ሳይኮሎጂስት ጋ መግባት አይደለም የሚቀድመው፤ ያንቺና የልጆችሽ ደህንነት ነው። ለባለሙያዋ ለብቻሽ ሆነሽ ንገሪያት።

የባለሙያዋን ስልክ እዚህ አልጽፈውም። ኢንቦክስ አድርጊልኝ፣ ማታ ልጆቹ ሲተኙ እመልስልሻለሁ።