ከስኮርታው ሥር

ልጆቼ፣ የአባታችሁን ወይም የአያታችሁን ቮልስ ከግቢ ጥግ አውጥታችሁ፣ አቧራዋን አራግፋችሁ ወደ ጋራዥ የምታመጡ ወጣቶች በዝታችኋል። ደስ ይለኛል። ከአርባ ዓመት በላይ በላሜራ ሥራ የቆየሁ ሰው ነኝና፣ እናንተን ሳይ ሙያው ከእኔ ጋር እንደማይቀበር ይሰማኛል። ታዲያ ሁላችሁም መጀመሪያ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ጋሼ፣ ሙሉ ቀለም ስንት ያስወጣል?» የእኔም መልስ አንድ ነው፦ የቀለሙ ይቆየንና ኮፈኑን ክፈት፤ ስኮርታውን፣ ትርፍ ጎማውን ማለቴ ነው፣ አውጣና ሥሩን አሳየኝ።

እንደምታውቁት የቮልስ ሞተር ከኋላ፣ የዕቃ ቦታዋ ከፊት ነው። ስኮርታ ጎማው፣ ክሪኩ፣ ከነሱም ጀርባ አርባ ሊትር ገደማ የሚይዘው የቤንዚን ታንክ ከፊት ኮፈን ሥር ተጠጋግተው ይኖራሉ። በመደበኛዋ ቮልስ ስኮርታው አፍንጫዋ ላይ ጋደል ብሎ ይቆማል፤ እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣችው ሱፐር ቢትል በተባለችው የቮልስ ሞዴል ላይ ግን ከወለሉ ሥር ተጋድሞ ይተኛል። በሁለቱም ቢሆን የጎማው ማረፊያ የዕቃ ቦታው ዝቅተኛው ክፍል ነው። የኮፈኑ ላስቲክ ሲደርቅና ሲሰነጣጠቅ ሾልኮ የሚገባው ዝናብ መጨረሻው እዚያ ነው። የማፍሰሻው ቀዳዳ በጭቃና በቅጠል ከተደፈነ ሰኔ ላይ የገባ ውሃ መስከረምም ሲጠባ እዚያው ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ጎማው ስለሚሸፍነው ማንም አያየውም።

ሥራ በጀመርኩ በጥቂት ዓመቴ አንድ አስተማሪ ቮልሱን አመጣልኝ። የስኮርታው ማረፊያ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ቀዳዳ ነበረው። ሰውየው ለመንገድ ቸኩሏል፤ እኔም ቸኮልኩ። ዝገቱን ሳልቆርጥ ቁራጭ ላሜራ ደርቤበት፣ ስቱኮ ለቅልቄ፣ ከላይ ሬንጅ ቀባሁት። ሲያዩት ያምር ነበር። አመስግኖኝ ሄደ። ከሁለት ክረምት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ስኮርታውን አነሣሁና በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ ብዬ ተጫንኩት። ካቻቢቴው ያለ ምንም ድካም ወደ ታች አለፈ። ጠርዙን ስነካው ላሜራው እንደ ድርቆሽ በጣቴ ተፈረፈረ፤ በቀዳዳው የጋራዡ ወለል ይታያል። ዝገቱ በሬንጁ ታፍኖ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲበላው ኖሯል። አስተማሪው አልተቆጣኝም። «አንተ ሠርተኸዋል ብዬ እኮ አንድ ቀን ከፍቼ አይቼው አላውቅም» አለኝ። ያለ ክፍያ እንደገና ሠራሁለት። ንግግሩ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ስለዚህ ስትሠሩ ወይም ስታሠሩ ዝገት ላይ ምንም ነገር አይደረብ። በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ጥረጉት፤ ነጭ ብረት እስኪወጣ ድረስ አትተዉት። ካቻቢቴ የሚያልፍበትን ቦታ ሁሉ፣ ጤነኛው ላሜራ እስኪደርስ ቁረጡት። የምትቀይሩት ላሜራ ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ስለሆነ በረጅሙ አትበይዱት፤ በሙቀት ይጣመማል። ነጥብ ነጥብ እያደረጋችሁ፣ ቦታ እየቀያየራችሁ፣ እንዲበርድ ጊዜ እየሰጣችሁ ያዙት። ከዚያ ፀረ ዝገት ቀለም፣ የመጋጠሚያ ማሸጊያ፣ በመጨረሻ ዋናው ቀለም። ከታች፣ ከመንገዱ በኩል ያለውን ፊትም እንዲሁ አድርጉት፤ ብዙ ሰው የላይኛውን ሠርቶ የታችኛውን ይረሳል።

አንድ ነገር ግን በብርቱ አስጠነቅቃችኋለሁ። የቤንዚን ታንኩ ሳይወጣ እዚያ አካባቢ ብየዳ እንዳታስነኩ። «ታንኩ ባዶ ነው» የሚላችሁን ሰው አትስሙ። ፈሳሹ ቢያልቅም ውስጡ የቀረው ተን ነው የሚፈነዳው። ታንኩ የሚወጣው ጥቂት ብሎኖች ተፈትተውና ከሥር ያለው የቤንዚን ቱቦ ተነቅሎ ነው፤ ለዚህ ሰዓት መስጠት የማይፈልግ በያጅ ሕይወታችሁን አትስጡት። ቱቦውንም በዚያው አሮጌ ከሆነ ቀይሩት።

ስኮርታውን ስታወጡ ደግሞ ከሥሩና ከጀርባው ያለውን ቀለም ልብ ብላችሁ እዩ። መኪናዋ ውጭዋ ሦስት ጊዜ ተቀብቶ ሊሆን ይችላል፤ ጎማው የከለለውን ቦታ ግን ብዙውን ጊዜ የነካው የለም። አንዲት ቀይ ቮልስ ስከፍት እዚያ ጥግ ላይ ለስላሳ ሰማያዊ አግኝቼ ባለቤቷን ጠርቼ አሳየኋት። አባቷ ሲገዛት ምን ትመስል እንደነበር ያን ቀን ነው ያየችው። ከመፋቃችሁ በፊት ፎቶ አንሡት።

አሁን ወደ ጎማው። የቸርኬውን፣ ጎማው የሚለብሰውን ብረት፣ የብሎን ቀዳዳዎች ቁጠሩ። የቀደሙት ቮልሶች ባለ አምስት ብሎን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ አብዛኞቹ ባለ አራት ሆነዋል። ባለ አራት መኪና ላይ ባለ አምስት ስኮርታ ተጭኖ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ይህን ሌሊት መንገድ ላይ ማወቅ ከባድ ነው። ከጎማው ጎን የተጻፉትን አራት ቁጥሮችም አንብቡ፤ 3118 ቢል በ2018 እ.ኤ.አ. በ31ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም አሥር ዓመት ያለፈውን ጎማ አትመኑት። የመስታወት ማጠቢያው ከስኮርታው ንፋስ በሚወስድባቸው ሞዴሎች ላይ ጎማው በንፋስ መለኪያው እስከ 42 ፒ.ኤስ.አይ. ይሞላል፤ ወደ ማጠቢያው የሚሄደው ቱቦ ካፈሰሰ ግን ሳታውቁት እየጎደለ ይሄዳልና በየወሩ ለኩት።

ማሰሩን አትናቁት። ኮብልስቶን ላይ ያልታሰረ ስኮርታ በእያንዳንዱ ዝላይ ላሜራውን ይመታል፤ የቸርኬው ጠርዝ አዲሱን ቀለም ይልጠዋል፤ ዝገቱም ከዚያች ጭረት ይጀምራል። ባለ ዘለበት ጠንካራ ቀበቶ በቸርኬው ቀዳዳ አሳልፋችሁ አጥብቁት፤ ቸርኬው ብረት በሚነካበት ቦታ ሁሉ ወፍራም ላስቲክ አስገቡ። ክሪኩንም በጨርቅ ጠቅልላችሁ ለብቻው እሰሩት። ከዚያ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ነቅንቁት። ጎማው ብቻውን ከተንቀሳቀሰ አልታሰረም፤ መኪናዋ አብራ ከተነቃነቀች ታስሯል።

ስኮርታውን ለመጨረሻ ጊዜ ከመመለሳችሁ በፊት ወለሉ ላይ ጋዜጣ አንጥፉ፤ ኮፈኑን ዝጉና ለአሥር ደቂቃ ያህል በውሃ ቱቦ ውሃ አፍስሱበት። ስትከፍቱ ጋዜጣው የራሰበት ቦታ፣ ላስቲኩ በየት በኩል እንዳልገጠመ ያሳያችኋል።