ወይፈኖቹን ላኮላሻቸው ወይስ እንዳሉ ልሽጣቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ፒያሳ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሰንዳፋ አባቴ ጋ ደግሞ ሦስት ወይፈኖች አሉኝ፣ 14 ወር አልፏቸዋል። ለገና ልሸጣቸው ነው፣ ሁለት ወር ቀርቶታል። አንድ ደላላ «ካልተኮላሹ ዋጋ አያወጡም» አለኝ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለሁለት ወር ብለህ አትንካቸው። በዚህ ዕድሜ ሲኮላሹ ሕመሙ ከባድ ነው፣ መኖ ይቀንሳሉ፣ ለሳምንታት ክብደት ላይጨምሩ እንዲያውም ሊከሱ ይችላሉ፣ አንተ ደግሞ ልክ በከሱበት ሰዓት ገበያ ልታወጣቸው ነው። ያልተኮላሸ ወይፈን ቶሎ ያድጋል፣ ሥጋውም ቀይ ይበዛዋል። ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚልኩ ነጋዴዎችም ወጣት ኮርማ ይፈልጋሉ።

ደላላው ግን ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። ቁርጥ ቤቱ ጮማ ነው የሚፈልገው፣ ጮማ ደግሞ የተኮላሸ ሰንጋ ላይ ነው ያለው (እኔም ብሆን ቁርጥ ካለ ጮማው ይቅር አልልም)። ስለዚህ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ አቆይተህ ለማድለብ መኖ ከቻልክ ማኮላሸቱ ያዋጣሃል።

ያኔም በእንጨትና በድንጋይ መቀጥቀጥ የለም። የእንስሳት ሐኪም ጥራ፣ ማደንዘዣ ይስጥና በቡርዲዞ (ትልቅ የማኮላሻ ጉጠት ነው) ይሥራው። ቆዳው አይቆረጥም፣ ወደ ቆለጡ የሚሄደው የውስጡ ገመድ ብቻ ነው የሚጨፈለቀው፣ ክፍት ቁስል ስለሌለ ዝንብም አይወረውም። ላስቲክ ማሰር ለትልቅ ወይፈን አይሆንም፣ ቴታነስ ሊያመጣ ይችላል።

እስከዚያው ከላሞቹ ለይታችሁ እሰሯቸው።