"ጥፋት" የምትለዋ ቃል ያስከፈለችኝ

ስለ ሙያችሁ የምትጽፉ ልጆች፣ እንዴት ናችሁ? የዛሬው ወሬያችን ርዕስ ማውጣት ነው። ኮምቦልቻ ሙቀቷን ጀምራለች። ደሴ ያላችሁት ደግሞ ጋቢያችሁን ተከናንባችሁ እንደምታነቡኝ አውቃለሁ።

ሰሞኑን አንድ የአውቶ መካኒክ ተማሪ አራት ገጽ ጽሑፍ ይዞልኝ መጣ። ከባድ መኪና ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሀረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ ለምን እንደሚግልና ለምን እምቢ እንደሚል የሚያስረዳ ነው። ጽሑፉ ጥሩ ነው። እውነቴን ነው፣ እኔ በሱ ዕድሜ እንዲህ አልጽፍም ነበር። ርዕሱን ሳይ ግን የያዝኩትን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጥኩት። "የሞት ቁልቁለት፦ የሾፌሮች ድንቁርና ውጤት" ይላል።

"ይሄን ማን እንዲያነብልህ ነው?" አልኩት።

"ሾፌሮች።"

"ደንቆሮ ብለሃቸው?"

ትንሽ ዝም አለና "ኧረ ጋሼ፣ ውስጡ እኮ እንደዚያ አይልም" አለኝ።

ልክ ነው፣ ውስጡ አይልም። ይቺን መልስ ግን አውቃታለሁ። ከሠላሳ ዓመት በፊት እኔም ሰጥቻታለሁ።

ያኔ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ውስጥ ነበርኩ። የትኛው እንደሆነ ይቅር፤ የምነግራችሁ የራሴን ነው። በጋ ሲገባ ሽመና ክፍሉ ውስጥ ድር መበጠስ ይበዛል። አንድ ክር ተበጠሰ ማለት ማሽኑ ቆመ ማለት ነው። ኦፕሬተሯ ትሮጣለች፣ የተበጠሰውን ፈልጋ ትቋጥራለች፣ ማሽኑን ታስነሳለች፣ ወዲያው ጎረቤቱ ይቆማል። አለቆች "ምክንያቱን አጥንተህ ጻፍ" አሉኝና ሦስት ሳምንት ሙሉ ሁለት ቴርሞሜትር ይዤ፣ የአየሩን እርጥበት ለመለካት የአንዱን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከማሽን ማሽን ስዞር ከረምኩ። ያገኘሁት ግልጽ ነበር። አየሩ ደርቋል። የጥጥ ክር እርጥበት ይወዳል፣ እርጥበት ሲያገኝ እንዲያውም ይጠነክራል፤ ሽመና ክፍል ውስጥ የአየሩ እርጥበት ከ70 እስከ 80 በመቶ አካባቢ እንዲሆን የሚፈለገው ለዚህ ነው። የእኛዎቹ ውሃ የሚረጩ አፍንጫዎች ግን ግማሾቹ በኖራ ተደፍነዋል። ሁለተኛው ምክንያት ድሩ የሚቀባው ስታርች ማነሱ ነበር። የአንዳንድ ኦፕሬተሮች ቋጠሮ ጭራው ረዝሞ ሲያልፍ ይያዛል የምትለዋ ሦስተኛዋ ናት፤ እሷም መጨረሻው ገጽ ላይ በሦስት መስመር አለቀች።

ርዕሱን ምን አልኩት? "በሽመና ክፍል የሚታዩ የኦፕሬተር ጥፋቶችና የድር መበጠስ።" ለምን ብትሉኝ፣ ከባድ ስለመሰለኝ ነው። "ጥፋት" ስትል ሪፖርቱ ቁም ነገር ያለው ይመስላል፤ "እርጥበት" ስትል ግድግዳው ስለሻገተበት ቤት የምታወራ ነው የሚመስለው።

አለቆች አሥራ ሁለት ገጽ የሚያነቡበት ጊዜ የላቸውም። ርዕሱን አነበቡ። በወሩ መጨረሻ ሰባት ሴቶች የቀን ደሞዝ ተቆረጠባቸው።

አንዷ ሪፖርቱን ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ ይዛው መጣች። በዕድሜ ትበልጠኛለች። ቅንድቧ ላይ የጥጥ ብናኝ እንደ በረዶ ተኝቷል። ሌባ ጣቷን አምስተኛው ገጽ ውስጥ ከታ ነው የያዘችው። "አንተ ልጅ፣ እዚህ ጋ ውሃው ነው ይላል። ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?" አለችኝ። "ርዕሱ ነው እንጂ ውስጡ እኮ..." ብዬ ጀመርኩ። አልጨረስኩትም። ዝም ብላ አየችኝና ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ትታው ሄደች። አፍንጫዎቹ የተጠረጉት በዓመቱ ነው። እስከ ዛሬ ርዕስ ላወጣ ስል ያ ዝም ብላ ያየችኝ ዓይኗ ይመጣብኛል።

ቃል እንደ ወሎ እንግዳ ነው፣ ብቻውን አይመጣም። "ጥፋት" ሲመጣ ዳኛና ቅጣት ይከተሉታል። "ስህተት" ገራገር ነው፣ "ሰው አይደል እንዴ" ተብሎ ይታለፋል። "ብልሽት" ጣቱን ወደ ማሽኑ ይቀስራል። "እንከን" ጨርቁ ላይ ይቀመጣል፤ ለነገሩ ሽማግሌ የተላከ ቀን ልጅቷም ላይ ይቀመጣል። "ጉድለት"ስ? ለእናንተ የዋህ ቃል ነው። ለመጋዘን ሠራተኛ ግን ቆጠራ ተደርጎ ዕቃ ጎደለ ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እሱ ያውቀዋል። መዝገበ ቃላት እነዚህን አምስቱን እንደ ወንድማማች አስጠግቶ ያስቀምጣቸዋል። ሰው ሆድ ውስጥ ግን የየራሳቸው ቤት አላቸው።

ፋብሪካ ውስጥ ሌላም አይቻለሁ። ማሽን ላይ "ማስጠንቀቂያ" የሚል ወረቀት ለጥፈን ሠራተኞቹ ተሰብስበው "ማን ተሰጠው?" ይሉ ነበር፤ ለነሱ ማስጠንቀቂያ ማለት ከፐርሶኔል የሚመጣ ደብዳቤ ነዋ። "ጥንቃቄ" ብለን ስንቀይረው ሰው ዝም ብሎ አነበበው። "መመሪያ"ም እንደዚያ ናት። እናንተ የአጠቃቀም ማብራሪያ ማለታችሁ ነው፣ አንባቢው ግን ማኅተም ያለው፣ ከበላይ የወረደ ነገር ይሸተዋል። "የሞተር ግምገማ" ብላችሁ ስትጽፉ ደግሞ በአንድ ዘመን መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ሆዱን ይቆርጠዋል፤ እሱ የሚያውቀው ግምገማ ሰው ቆሞ የሚብጠለጠልበትን ነው። "የሞባይል አብዮት" የሚለውማ... የእኔ ዕድሜ ሰው "አብዮት" ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው ሞባይል አይደለም። ተዉት።

ፕሮግራም የምትጽፉት ይሄን ታሪክ ታውቁት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1968 ኤድስገር ዳይክስትራ የተባለ ሆላንዳዊ የኮምፒውተር ሊቅ "ጎቱ" የምትባለውን፣ ፕሮግራሙ ወደ ሌላ መስመር እንዲዘል የምታደርገውን ትእዛዝ የሚቃወም አጭር ጽሑፍ ኤሲኤም ለተባለው የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር መጽሔት ላከ። እሱ ያወጣለት ርዕስ ወደ አማርኛ ሲመለስ "በጎቱ ላይ የቀረበ መከራከሪያ" እንደማለት ነው። መከራከሪያ ከተባለ ሌላው ወገንም የሚለው ይኖራል ማለት ነው። አዘጋጁ ኒክላውስ ቪርት፣ በኋላ ፓስካል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠረው ሰውዬ፣ ቶሎ እንዲታተም ብሎ በደብዳቤ መልክ አወጣውና ርዕሱንም ቀየረው። "ጎቱ ጎጂ ሆኖ ተገኝቷል" ዓይነት ሆነ። ማን አገኘው? አይነገርም። ልክ ችሎት ላይ "ጥፋተኛ ሆኖ ተገኝቷል" ተብሎ እንደሚነበበው ነው። ውስጡ ያው ክርክር ነው፣ ርዕሱ ግን ክርክሩን ብይን አደረገው። ከዚያ ሰዉ ሁሉ "ይሄም ጎጂ ሆኖ ተገኝቷል፣ ያም ጎጂ ሆኖ ተገኝቷል" እያለ መጻፍ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1987 አንዱ ተነስቶ "'ጎቱ ጎጂ ሆኖ ተገኝቷል' ጎጂ ሆኖ ተገኝቷል" ብሎ ጻፈና አረፈው።

ስትተረጉሙ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። አንድ ልጅ ስለ ፍሪሲዮን ሲጽፍ እንግሊዝኛውን ቃል በቃል ገልብጦ "ባሪያው ሲሊንደር ሲያፈስ" ብሎ ርዕስ አወጣ። አማርኛ ውስጥ "ባሪያ" ስንት ሰው ያቆሰለ ቃል እንደሆነ መቼም አልነግራችሁም። ፈረንጆቹ ራሳቸው እየተዉት ነው፤ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጌታና ባሪያ የሚለውን አጠራር እ.ኤ.አ. በ2018 ከሰነዶቹ ማውጣት ጀምሯል። "የታችኛው የፍሪሲዮን ሲሊንደር" ብትሉት የማይገባው መካኒክ የለም።

"ጠይብ" የምትለዋንም እዩልኝ። ሥሯ "ጠቢብ" ነው፣ ብልህ ማለት። ብረት የሚያቀልጠውን ሰው ጥበቡን አይተው ነበር እንደዚያ ያሉት። ቆይቶ ስድብ ሆነች፣ ከቡዳ ጋር ተዛመደች፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በእጅ ሙያው መሳደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደረሱ። ስለ አገር ቤት ብረት ሥራ የምትጽፉ ከሆነ ቃሉ ዱሮ ምስጋና ነበር ብላችሁ ርዕስ ላይ አትለጥፉት። አንጥረኛው የሚሰማው የዱሮውን ሳይሆን ልጁ ትምህርት ቤት የተሰደበውን ነው።

እዚህ እኛ አገር አንድ ቃል አለ፣ እኔ በቀልድም አልነካውም። "ራም የራበው ስልክ" የሚል ርዕስ አየሁ። ያወጣችው ልጅ ፈጣን ናት፣ ቀልዷም አይከፋም። ግን ወሎ ውስጥ የ1966ንና የ1977ን ራብ ያየ ሰው ዛሬም በየቤቱ አለ። ስልኩ ራም አነሰው በሉት፣ ይበቃዋል።

እንዲህ ስላችሁ ታዲያ ርዕስ ሁሉ ይለስልስ ማለቴ አይደለም። "ስለ እንትን የተደረገ አጭር ዳሰሳ" የሚል ርዕስ ከማይ የጥርስ ሕመም ይሻለኛል። ውስጡ ከቻለው ጠንካራ ቃል ጥሩ ነው። ደሴ ያላችሁት ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ ማታ ከሰል ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት አለ። አንዲት የጤና መኮንን ስለዚሁ ጻፈችና ርዕሱን "የከሰል ጭስ የጤና ተጽዕኖ" አለችው። ጨዋ ርዕስ ነው። ግን "ጭስ" የምትለዋ ቃል ሰው ትገድላለች። ለምን መሰላችሁ? እናቶቻችን ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለው፣ ጭሱ ሲጠፋና ፍሙ ሲቀላ ነው "አሁን ደህና ነው" ብለው የሚያስገቡት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ አይታይም፣ አይሸትም፣ ከዚያው ከቀላው ፍም ነው የሚወጣው። "ጭስ" ያለውን ርዕስ ያነበበች እናት "የኔማ አይጨስም" ብላ ታልፈዋለች። "ጭስ የሌለው ከሰልም ይገድላል" በይው አልኳት። "አይከብድም?" አለችኝ። ይክበድ እንጂ! እዚህ ላይ መለሳለስ ነው ነውሩ።

"በቀላሉ" የምትለዋንም ቀንሱልኝ። "ኢንቨርተርን በቀላሉ መጠገን" ይላሉ፤ ያልተሳካለት ልጅ ደደብ ነኝ ብሎ ይተወዋል፣ የተሳካለት የመሰለው ደግሞ ኮንደንሰሩ ውስጥ የቀረው ቮልቴጅ ይመታዋል። "ያልተነገረ ምስጢር"ን ስለሚጽፉት ምንም አልልም። ቡና ላይ የሚነገር ነው።

ጥሩ ርዕስ ለማየት ሩቅ አትሂዱ። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ "አይጠየፍ" ይባላል። አንዲት ቃል ናት። ስፋቱን አትነግርህም፣ ማን እንዳሠራው አትነግርህም፤ በር ላይ ለቆመው ድሃ ግን ግባ ትለዋለች።

ወደ ልጁ ልመልሳችሁ። ተቀምጠን ሦስት ርዕስ አወጣን። ከዚያ "ተነስ" አልኩትና እዚሁ ኮምቦልቻ ከባድ መኪኖች የሚቆሙበት አንድ ምግብ ቤት ወሰድኩት። ርዕስ የሚፈተነው የሚመለከተው ሰው ጆሮ ላይ ነው እንጂ እኔ ሳሎን ውስጥ አይደለም። አንድ ጎልማሳ ሾፌር ፍርፍር እየበላ ነበር። ይቅርታ ጠይቀን አነበብንለት። የመጀመሪያውን፣ "የሞት ቁልቁለት" የሚለውን፣ ሳያኝክ አዳመጠና "እዚያ ጓደኛ ቀብሬያለሁ" አለ፣ ወደ ሳህኑ ተመለሰ። ልጁ ቀላ። ሁለተኛው "በቁልቁለት ላይ የፍሬን ሙቀት አያያዝ" ነበር። "የመንጃ ፈቃድ ፈተና ነው?" አለን። ሦስተኛው "ሀረጎን በፎሌ አትውረዱ" ነው፤ በፎሌ ማለት ማርሽ አውጥቶ ማለት ነው።

ቀና አለ። "ማነው በፎሌ የሚወርደው? እኔ አይደለሁም" አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። "ነዳጅ ለመቆጠብ የሚያደርጉት አሉ። እኔ አልወርድም።"

ልጁ በዝግታ፣ ተማርኩ ተማርኩ ሳይል፣ አስረዳው። ማርሽ ውስጥ ሲሆን ሞተሩ መኪናውን ይይዘዋል፣ በፎሌ ከሆነ ግን ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ነው፤ ፍሬን ሸራው ሲግል መያዙን ያቆማል፣ ፔዳሉን ብትረግጠውም አይሰማም። አዲሶቹ ሞተሮች ደግሞ ማርሽ ገብቶ ነዳጅ ሳይረገጥ ሲወረድ ነዳጁን ራሳቸው ያቋርጣሉ፣ በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ሲል ይጠጣል። ስለዚህ ቁጠባም የለበትም።

ሾፌሩ እጁን ጠረገና ወረቀቱን ተቀበለው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ቆመ። ተመልሶ አነበበው። "ከባድ ማርሽ ከቁልቁለቱ በፊት ነው የሚገባው፣ መሐል ላይ እምቢ ይልሃል። ይሄን አልጻፍከውም" አለው፤ ቀጥሎም ወደኔ ዞሮ "አባት፣ ስክሪብቶ ይዘዋል?" አለኝ።