ዕቁቤን ባለቤቴ አያውቅም፤ ተዝካሩስ በብድር ይደገስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ጅማ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ እኔ ቤት እውላለሁ። ደመወዙ ከወር ወር እንዲያደርሰን ብዙ ነገር ቀንሻለሁ። ቡናውን በአዝመራው ጊዜ ከነጀንፈሉ ገዝቼ እቤት እወቅጣለሁ፤ ጤፉን ከበቆሎ ጋር አስፈጫለሁ፤ የተረፈ እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል እንጂ አይጣልም። በቀን ሁለት ጊዜ አፈላው የነበረውን ቡና ወደ አንድ አወረድኩት። ልብስ የምታጥብልኝንም ሴት በየሳምንቱ መክፈሌን ትቼ በወሩ መጨረሻ አንድ ላይ እሰጣታለሁ፤ ገንዘቡ እጄ ላይ ይቆይልኛል። ጎረቤቶቼ ግን «ቋጣሪ ሆነች» እያሉ ያሙኛል። ከአስቤዛው እየቀነስኩ በሳምንት 300 ብር ዕቁብ እንደምጥል ባለቤቴ አያውቅም። ከሁሉ ያስጨነቀኝ በመጪው ጥር የሚውለው የአማቴ ሙት ዓመት ነው። ባለቤቴ ወይፈን ጥሎ ለመደገስ 60 ሺህ ብር ሊበደር አስቧል። «የእናቴን ነፍስ ባዶዋን አላስቀራትም» ይላል። ብቃወመው ኃጢአት ይሆንብኛል? ቁጠባዬስ ንፍገት ነው? አሥራታችንንስ ለዚህ ዓመት ብናቆየው ምን ይላሉ?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደኅና ነኝ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንቺን ያስጨነቀሽ ወይፈኑ ነው፤ እኔን ያስቆመኝ ግን በአንድ መስመር ያለፍሻት ልብስ አጣቢ ናት። ስለዚህ ከእርሷ ልጀምር።

«ገንዘቡ እጄ ላይ ይቆይልኛል» ብለሻል። የማን ገንዘብ? ልብሱን አጥባ፣ አስጥታ፣ እጇን አድርቃ ከደጅሽ ከወጣችበት ሰዓት ጀምሮ ያ ገንዘብ የእርሷ ነው። ኦሪት ዘዳግም በ24ኛው ምዕራፍ የድሃውን ደመወዝ በዕለቱ ስጥ፣ ፀሐይ አይግባበት ብሎ ያዝዛል፤ ምክንያቱንም አይሸሽግም፤ ድሃ ስለ ሆነ ነፍሱ በዚያ ደመወዝ ላይ ተንጠልጥላለች። ሐዋርያው ያዕቆብ ደግሞ የተያዘ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽና ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚገባ ጽፏል። በየሳምንቱ ስትከፍያት ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ወርዳ በቆሎዋን በእጅ በእጅ ትሸምት ነበር። አሁን ከሱቅ በዱቤ ታወጣለች፤ ባለሱቁ ካመናት ማለት ነው። በአንቺ ቤት የተቆጠበው ሳንቲም በእርሷ ቤት ዕዳ ሆኖ ተጽፏል። ክፉ አስበሽ እንዳላደረግሽው አውቃለሁ፤ ክፉ ብታስቢማ ኖሮ ባልጻፍሽልኝ ነበር። ግን ዛሬ አስጠሪያትና የቀረባትን ክፈያት።

የንፍገትን ነገር ስትጠይቂኝ መልሱን ይዘሽው የመጣሽው እዚሁ ላይ ነው። ቆጣቢም ንፉግም ይቀንሳሉ፤ ከውጭ ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ። አንዷ ከራሷ ድርሻ ትቀንሳለች፣ ሌላዋ ከሰው ድርሻ። እናም አንድ ነገር ልትቀንሺ ስትነሺ «ስንት ይተርፈኛል?» ከማለትሽ በፊት «ከማን ላይ ነው የምቀንሰው?» በይ።

በዚህ ሚዛን ጀንፈሉ፣ የበቆሎ ቅይጡና ድርቆሹ ያለ ክርክር ያልፋሉ። ማንንም አልጎዱም፤ እንዲያውም የሚያስመሰግኑሽ ናቸው። ጌታ አምስት እንጀራ አበርክቶ አምስት ሺህ ሰው ካጠገበ በኋላ ፍርፋሪው እንዲለቀም አዝዟል። ከምንም እንጀራ ማውጣት የሚችል ጌታ ፍርፋሪ ካስለቀመ፣ ለእንጀራዋ ጤፍ በኪሎ የምትሸምት እናት ድርቆሽ ብታሰጣ ማን ሊያፍርባት ነው?

ቡናው ትንሽ ያከራክራል። ጅማ ተቀምጦ ቡና የቀነሰ ሰው አለመታማቱን ተስፋ አያድርግ! ሐሜቱን እለፊው። ግን ጀበናሽን ስትቀንሺ ማን እንደ ቀረ አስቢ። ሁሉም በየቤቱ የሚያፈላ ከሆነ፣ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም ጎረቤት ተራ ገብታችሁ በየቀኑ በአንድ ቤት ጠጡ፤ ወጪው ይከፋፈላል፣ ወጉም አይቀርም። ቁርሱም በዳቦ ፈንታ ቆሎ ይሁን። ነገር ግን ከሚመጡት መካከል የራሷ ጀበና የማይጣድላት፣ ያቺን ስኒ ይዛ ብቻ ከሰው ጋር የምታወራ ባልቴት ካለች፣ ቡናሽ ለእርሷ ምጽዋት ነበር። ያቋረጥሽው እርሱን ከሆነ መልሺው፤ በረካውን አቅጥነሽም ቢሆን።

አሁን ወደ ዕቁቡ። ሌባ ነሽ አልልሽም። ከራስሽ ጉሮሮ ነጥለሽ ለልጆችሽ ያስቀመጥሽው ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፈ ምሳሌ በ31ኛው ምዕራፍ ስለ ልባም ሴት መናገር ሲጀምር በመጀመሪያ ያነሣው የሱፍና የተልባ እግር ፈትሏን አይደለም፤ የገዛችውንም እርሻ አይደለም። «የባልዋ ልብ ይታመንባታል» ይላል። ፈትሉም እርሻውም የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤትሽ ዕቁቡን ከሌላ ሰው አፍ ቢሰማ፣ ያጠራቀምሽለትን ብር አይቆጥርም፤ የደበቅሽበትን ሳምንት ነው የሚቆጥር። ባሉ ደመወዙን መጠጥ ቤት ጨርሶ ለሚገባባት ሴት መልሴ ሌላ ነው፤ እርሷ ከንስሐ አባቷ ጋር መክራ የልጆቿን ቀለብ የምታስቀምጥበትን መንገድ ትፈልግ። የአንቺ ባል ግን፣ ከጻፍሽው እንደምረዳው፣ ጥፋቱ እናቱን መውደዱ ነው። ይህን ሰው መፍራት አይገባሽም። ንገሪው።

መቼ እንደምትነግሪው ግን ከተዝካሩ ጋር ይያያዛልና ወደዚያ ልሻገር።

ቤተ ክርስቲያናችን ስላረፉት ትጸልያለች። 3ኛው፣ 7ኛው፣ 12ኛው፣ 30ኛው፣ 40ኛው፣ 80ኛው ቀን፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ የጸሎት ጊዜያት ናቸው። ይህን የሚያቃልል መልስ ከእኔ አትጠብቂ፤ ባለቤትሽ እናቱን ላስብ ማለቱ የልጅ ወግ ነው። ሥርዓቱ የሚሻው ግን ጸሎተ ፍትሐት፣ ቅዳሴና ምጽዋት ነው። ወይፈኑን የጨመርነው እኛ ነን። ያለው ቢደግስ፣ ድሃም ቢያበላበት መልካም ነው፤ የሌለው ተበድሮ ካልደገሰ ነፍስ ባዶዋን ትቀራለች የሚል ትምህርት ግን የለንም።

መጽሐፈ ሲራክ በ18ኛው ምዕራፍ በኪስህ ምንም ሳይኖር በብድር እየደገስክ ድሃ አትሁን ብሎ ይመክራል። ከዚህ በላይ የሚያስረግጠውን ከፈለግሽ ደግሞ 2ኛ ነገሥት 4ን ከባለቤትሽ ጋር አንብቡት። የነቢያት ወገን የነበረ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ሞተ። ዕዳ ትቶ ነው የሞተው፤ አበዳሪውም ሁለት ልጆቹን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጣ። መበለቲቱ ወደ ኤልሳዕ ጮኸች። በቤቷ የነበረው አንድ ማሰሮ ዘይት በተአምር በዛ፤ ከጎረቤት የተዋሰችው ዕቃ ሁሉ ሞላ። ነቢዩ ያን ጊዜ ምን አላት? ዘይቱን ሽጪ፣ ዕዳሽን ክፈዪ፣ በተረፈው አንቺና ልጆችሽ ኑሩ። ሟቹ ተራ ሰው አልነበረም፤ ነቢዩ ራሱ የሚያውቀው ሰው ነው። በቤቱ ውስጥ በአንዴ ሀብት ፈስሷል። ኤልሳዕ ግን በዚህ ዘይት ለባልሽ ክብር ደግሺበት አላላትም። ሙት የከበረው ዕዳው ተከፍሎ ልጆቹ ከባርነት ሲድኑ ነው። ባለቤትሽ ሊያደርግ ያሰበው የዚህን ግልባጭ ነው፤ ዕዳ የሌለባትን ሟች ምክንያት አድርጎ በሕያዋን የልጅ ልጆቿ ላይ 60 ሺህ ብር ዕዳ ሊጭን።

ይህን ስናገር ከበላያችሁ ቆሜ አይደለም። ወጣት ዲያቆን ሳለሁ የአባቴን ተዝካር በብድር ደግሻለሁ። ሁለት በግ ታረደ፣ ጠላው በጋን ተጠመቀ፤ ዘመድ ከየገጠሩ መጣ። ብድሩን ከፍዬ ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ከበሉት ሰዎች አፍ በኋላ የሰማሁት ደግሞ ጠላው መቅጠኑን ብቻ ነው። ነዳያኑ ቀኑን ሙሉ ከአጥር ውጭ ተቀምጠው ውለው ሲመሽ የተረፈውን አገኙ፤ ለዚያውም አጥንቱን። ጌታ በሉቃስ ወንጌል 14ኛው ምዕራፍ ምሳ ባደረግህ ጊዜ ወንድሞችህንና ባለጠጎች ጎረቤቶችህን አትጥራ፣ ብድራት መመለስ የማይችሉትን ድሆች ጥራ ያለውን በዚያው ሰሞን ጉባኤ ላይ አስተምሬው ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ስለዚህ መቃወምሽ ኃጢአት አይደለም። የምትቃወሚበት መንገድ ላይ ግን ተጠንቀቂ። «ገንዘብ የለንም» ብለሽ ብቻ ብትከለክይው፣ እናቱን የናቅሽበት ይመስለዋል፤ ከዚያም በጭቅጭቅ ይበደራል። ባለቤትሽ የሚፈራው የእናቱን ነፍስ ብቻ ሳይሆን የዘመድንና የእድርተኛን አፍ ጭምር ነው፤ ይህን ፍርሃት አትሳቂበት። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቁጭ በሉና ዕቁቡን ያን ጊዜ ንገሪው። እንዲህ በይው፦ «ይህን ከአንተ ደብቄ አስቀምጫለሁ፤ ይቅር በለኝ። ከዚህ ላይ ለእናትህ መታሰቢያ የሚሆነውን እናንሣ፤ የማንም ባለ ዕዳ አንሁን።» ሊቆጣ ይችላል። ዝም ብለሽ ስሚው፤ እውነት አለው። ሲበርድለት ግን ሚስቱ እናቱን በባዶ እጅ እንዳላስቀረች ያያል። የዕቁቡ ዕጣ እስከ ጥር ካልወጣልሽ፣ ዕጣው ከደረሰው ሰው ጋር በዳኛው በኩል ተነጋግሮ መለዋወጥ በብዙ ዕቁብ የተለመደ ነው።

ድግሱም ልክ ይኑረው። ዕለቱን ቅዳሴ አስቀድሳችሁ ጸሎቱን አስደርሱ። አንቺ ዳቦ ጋግሪ፣ ንፍሮ ቀቅዪ፣ የጅማ ማር ካገኘሽ ጥቂት ብርዝ በጥብጪ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላሉት ነዳያን አስቀድማችሁ አቅርቡ። ለቅርብ ዘመድ የሚበቃ ወጥ ቢጨመር ማንም አይነቅፋችሁም። ከሩቅ ለሚመጡት ባለቤትሽ አስቀድሞ «በጸሎትና በምጽዋት ነው የምናስባት» ብሎ ይንገራቸው፤ በዕለቱ ከሚያጉረመርሙ ዛሬ ያጉረምርሙ።

አሥራቱን ለማቆየት ግን ፈቃድ አልሰጥሽም። አሥራት ወር ሲያልቅ የተረፈ ካለ የሚሰጥ አይደለም፤ ደመወዝ እንደ ገባ አስቀድሞ ይነሣል። ልጆችሽ ጦማቸውን የሚያድሩ ቢሆን ኖሮ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተመካከሪ እልሽ ነበር። ወይፈን ለመጣል ያሰበ ቤት ግን አሥራት ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

ከባለቤትሽ ጋር ከተስማማችሁ በኋላ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስትወጡ ሁለታችሁም የንስሐ አባታችሁን አግኙ፤ ቀኑንም አብራችሁ ቁረጡ። የአማትሽን የክርስትና ስም ጽፈሽ መያዝ አትርሺ፤ ካህኑ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እርሱን ነው።